ያረጀ ኩሬና ቦይ ጥገና እንዴት ይታቀዳል? ከስሚንቶ በፊት ውሃውን መለካት

ኮምቦልቻ አቅራቢያ በአንድ የመስኖ ማኅበር ጸሐፊ ሳለሁ የመጀመሪያውን ትልቅ ጥገና ያቀድነው በዓይን ግምት ነበር። የዋናው ቦይ ግንብ መሀል ላይ ተሰነጣጥቆ ውሃው በጎኑ ይፈሳል፤ ከመንገድ ስለሚታይ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይጠቁመናል። ከአባላት መዋጮ ሰበሰብን፣ ስሚንቶ ገዛን፣ 80 ሜትር ቦይ እንደ አዲስ አስገነባን። በቀጣዩ በጋ ጫፍ ላይ ያሉት አባላት ሽንኩርት እንደ ወትሮው ደረቀ። ያን ጊዜ ነው የውሃ አባታችን፣ ማለትም ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉት አዛውንት፣ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ እኔ ሌሊት ውሃ ስጠብቅ ከጠለፋው ሥር ሲንሿሿ እሰማለሁ፤ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም» ያሉኝ። ሄደን ስንለካው ከወንዙ ከምንጠልፈው ውሃ ሲሶው ገና ቦዩን ሳይዝ ከጠለፋው ግድብ ሥር ሰርጎ ወደ ወንዙ ይመለሳል። በ80 ሜትር ግንብ ያዳንነው ውሃ ከዚያ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሌላ ማኅበር መዋጮውን እንደዚያ እንዳያፈስ ብዬ ነው። በቃሉ፣ በተሁለደሬ፣ በደሴ ዙሪያና በኩታበር ያሉ ማኅበራት እጅ ላይ ያለው ንብረት ድብልቅ ነው፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ የተቆፈረ ኩሬ አለ፣ ድርጅት ሠርቶ አስረክቦ የሄደው ጠለፋ አለ፣ አያቶች በዶማ ያወጡት የአፈር ቦይም አለ። የብዙዎቹ ንድፍ የት እንደተቀመጠ አይታወቅም፤ በ2014ቱ ጦርነት የቢሮ ወረቀቱ የጠፋበትም አለ። ስለዚህ መዝገቡን ከራሳችሁ እጅ ትጀምራላችሁ።

1. የወራቱን ሥራ ደልድሉ

ለጥገና የሚሆነው ጊዜ ከምታስቡት ያንሳል። ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ ናቸው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጨርሶ ይቀራል። ከጥቅምት በኋላ አባላት ውሃ ይፈልጋሉ፤ ቦይ ዘግታችሁ ግንብ ልትሠሩ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ጃንጥላ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩ። ውሃ ቦዩን የት እንደሚዘል፣ ከየትኛው ተዳፋት ጎርፍ ወደ ቦይ እንደሚገባ፣ የኩሬው ትርፍ ውሃ በትክክለኛው መንገድ መውጣቱን በበጋ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ጥቅምትና ኅዳር ውሃው በቦይ እየሄደ የምትለኩበት ጊዜ ነው። ታኅሣሥና ጥር ወጪውን አስልታችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ትጠራላችሁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከወረዳው የምትጠይቁት ድጋፍ ካለ ደብዳቤያችሁ ከመጋቢት በፊት ጠረጴዛቸው ላይ ይድረስ። ግንቦት ላይ ወንዙም ኩሬውም ዝቅ ይላል፤ የደለል ጠረጋ፣ የማውጫ ቱቦ፣ የግድብና የጠለፋ ሥራ ሁሉ የግንቦት ነው፣ ሰኔ ሳይጋመስም ማለቅ አለበት። የቦይ ግንብ ደግሞ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይሠራል።

ኅዳር ላይ ደቦ አትጥሩ። ማሽላና ጤፍ እየታጨደ ሰው ቀረ ተብሎ ሊቀጣ አይገባም። የረመዳን ጾምም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ በዕቅዱ ዓመት በየትኛው ወር እንደሚውል አስቀድማችሁ እዩ፤ በጾም ድንጋይ ማሸከም ደግ አይደለም።

2. በእግር ተጉዛችሁ መዝግቡ

ከጠለፋው ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ማሳ ሂዱ። የውሃ አባቱ፣ አንድ ግንበኛ፣ አንድ ጽሑፍ የሚችል ወጣትና ከታችኛው ጫፍ አንድ አባል ይኑሩ። የጫፉ አባል የግድ ነው፤ ከላይ ያለ ሰው ችግሩን አይቶት አያውቅም። ሴቶች አባላትንም አትርሱ፤ ከቦዩ ውሃ የሚቀዱትና ልብስ የሚያጥቡት እነሱ ስለሆኑ የቦዩ ከንፈር የት እንደተናደ ከማንም በፊት ያውቃሉ።

በየ50 ሜትሩ በቀለም ወይም በችካል ቁጥር ስጡ። በየቁጥሩ ያያችሁትን በአንድ መስመር ጻፉ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ፎቶው ውስጥ ለመጠን ማሳያ አካፋ ወይም ሰው ይግባ። የማከፋፈያ ሳጥን፣ የላሜራ በር፣ ቱቦ፣ የእግር መሻገሪያ፣ ሳይፈቀድ የተቀደደ ማጠጫ፣ ሁሉም ይመዝገብ። «ያልተፈቀደ» ያላችሁትን ስታገኙ በዚያው ቀን አትጣሉበት፤ ይህ ቀን የመቁጠሪያ ብቻ ነው። ጠብ ከተነሳ ቀሪውን ቦይ አታዩትም።

3. ውሃውን ለኩ

ዕቅዱ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ሰዓት ያለው ስልክና ግማሹ በውሃ የተሞላ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይበቃል።

ቀጥ ያለና ስፋቱ የማይለዋወጥ 20 ሜትር ቦይ ምረጡ። የውሃውን ስፋትና ጥልቀት በሦስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ፕላስቲኩን ከመነሻው ትንሽ ከፍ ብላችሁ ጣሉና 20 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ቁጠሩ። አምስት ጊዜ ድገሙ፣ ዳር የነካውን ጣሉ። 20ውን ሜትር ለሰከንዱ አካፍሉ፤ ላይ ላዩ ያለው ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን ያገኛችሁትን ፍጥነት በ0.85 አባዙ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከላይኛው መነሻ ስፋቱ 0.6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.25 ሜትር ነው እንበል፤ ስፋት በጥልቀት 0.15 ካሬ ሜትር ይሆናል። ፕላስቲኩ 20 ሜትሩን በ50 ሰከንድ ከሄደ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው፤ በ0.85 ሲባዛ 0.34። 0.15 በ0.34 ሲባዛ 0.051 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 51 ሊትር። በዚያው ሰዓት ሌላ ቡድን ታች ሲለካ ስፋቱ 0.6፣ ጥልቀቱ 0.2፣ ጊዜው 66 ሰከንድ ቢሆን ወደ 31 ሊትር ይወጣል። መሀል ላይ 20 ሊትር በየሰከንዱ ጠፍቷል። ቦዩ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 864 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። ለአንድ ሄክታር በሰከንድ 1 ሊትር ገደማ በሚለው የተለመደ ስሌት ብንሄድ ደግሞ 20 ሄክታር፣ በእኛ አነጋገር 80 ጥማድ መሬት የሚያጠጣ ውሃ ነው። ጉባኤ ላይ «ውሃ ይባክናል» ስትሉ የሚያንቀላፋ አባል «80 ጥማድ» ስትሉ ይነቃል።

ሁለቱ ልኬቶች በአንድ ሰዓት፣ በመሀል ያሉ በሮች ሁሉ ተዘግተው ይወሰዱ። አለበለዚያ ማሳ የጠጣውን እንደ ጠፋ ውሃ ትቆጥሩታላችሁ።

ቀጥሎ ውሃው የጠፋው በስርገት ነው ወይስ በቀዳዳ የሚለውን ለዩ። 30 ሜትር የሚሆን የቦዩን ክፍል ላይና ታች አፈር በሞላ ጆንያ ዝጉ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ችካል ላይ ምልክት አድርጉና ከ4 ሰዓት በኋላ እዩ። ውሃው 0.6 ሜትር ስፋት ኖሮት 10 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ 1.8 ሜትር ኩብ ሰርጓል፤ በዚህ አካሄድ 1 ኪሎ ሜትር ቦይ በሰከንድ 4 ሊትር ትንሽ አለፍ የሚል ውሃ ይጠጣል። እንግዲህ አስቡት፦ በሁለቱ መለኪያ ቦታዎች መሀል ያለው ቦይ 1 ኪሎ ሜትር ቢሆንና ከጠፋው 20 ሊትር ውስጥ የአፈሩ ስርገት 4 ብቻ ከሆነ ቀሪው 16 ሊትር በማይዘጋ በር፣ በተሸረሸረ ከንፈር፣ በፍልፈል ጉድጓድ፣ በሌሊት ቀዳዳ ነው የሄደው። እሱን ስሚንቶ አይመልሰውም። ላሜራ፣ ቁልፍ፣ አፈርና ስምምነት ነው የሚመልሰው፤ ዋጋውም ከግንብ ጋር ሲተያይ እጅግ ያንሳል።

ጠለፋውንም ለብቻው ለኩት። ከጠለፋው በላይ ወንዙን፣ ከጠለፋው በታች ወንዙንና የቦዩን መነሻ። ከታች የቀረው ውሃ ሆን ብላችሁ ከለቀቃችሁት ከበለጠ ግድቡ ከሥሩ ያፈሳል።

4. ኩሬና የአፈር ግድብ

ቦይ ቢሰበር አንድ ሰሞን ይጎዳል፤ ግድብ ቢሰበር ሰው ይሞታል። ስለዚህ በኩሬው ላይ ከውሃ ብክነት በፊት የሚጠየቀው ደኅንነቱ ነው፣ የደኅንነቱም መጀመሪያ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻው ነው። የአፈር ግድብን የሚያፈርሰው ትልቁ ጠላት በአናቱ የሚዘል ውሃ ነው። ማስተንፈሻው በደለል ወይም በቁጥቋጦ ተሞልቶ ከሆነ፣ ወይም አንዳንድ ማኅበር «ውሃ እንዲጨምርልን» ብሎ በድንጋይ ከፍ አድርጎት ከሆነ፣ ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይከፈት። ኩሬው እስከ ማስተንፈሻው ሲሞላ ከውሃው እስከ ግድቡ አናት ቢያንስ ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ደረቅ ከፍታ መኖር አለበት። አናቱ ላይ ሲባጎ ወጥራችሁ የሰጠመውን ቦታ ፈልጉ፤ ከብት የሚሻገርበት ቦታ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ውሃውም መጀመሪያ የሚዘለው እዚያው ነው።

ከዚያ በግድቡ ግርጌ፣ በደረቁ በኩል፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በበጋ ለምልሞ የሚታይ ሣር ካለ ከሥሩ ውሃ አለ። የሚወጣውን ውሃ በብርጭቆ ቅዱት። ጥርት ያለና መጠኑ ከሳምንት ሳምንት የማይለወጥ ከሆነ እየለካችሁ ጠብቁት። ድፍርስ ከሆነ ወይም መጠኑ እየጨመረ ከሄደ ግድቡ ከውስጡ እየተበላ ነው፤ ዕቅድ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። ከታች ያሉ ቤተሰቦች ይነገራቸው፣ የወረዳው የመስኖ ባለሙያ በዚያው ቀን ይጠራ፣ ውሃው ይቀነስ። ቀዳዳውን ከደረቁ በኩል በጭቃ መድፈን ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ውሃው ሌላ መንገድ ከፍቶ በብርቱ ይወጣል። መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ደርባችሁ ውሃው እንዲወጣ አፈሩ ግን እንዲቀር አድርጉ። ስትቀንሱም በቀን ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አትለፉ፤ በፍጥነት የወረደ ኩሬ በውሃ የራሰውን የውስጥ ተዳፋት ይንደዋል።

ግድቡ ላይ ባህር ዛፍ ወይም ሌላ ዛፍ ካለ ገና ለጋ ሳለ ነቅላችሁ ጉድጓዱን በእርጥብ አፈር ጠቅጥቁ። ትልቅ ከሆነ ግን ቆርጣችሁ ብቻ አትተዉት፤ ሥሩ ሲበሰብስ የውሃ መንገድ ይሆናል፣ አወጣጡን ከባለሙያ ጋር ምከሩ። የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድ እስከ መጨረሻው ተቆፍሮ ይሞላል፤ አፉን ብቻ መዝጋት ዋጋ የለውም።

የእኛ አካባቢ ሌላም ነገር አለበት። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ካራ ቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በአገራችን ከተመዘገቡት ከባዶቹ አንዱ ነው። ንዝረት በተሰማ ማግስት የግድቡን አናት በርዝመቱ መሄድና አዲስ ስንጥቅ መፈለግ በማኅበሩ ደንብ ውስጥ ይግባ። ዋልካ አፈር በበጋ በራሱ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ የቀድሞውን ስንጥቅ በችካልና በቀን አስቀድማችሁ ካልመዘገባችሁ አዲሱን ከአሮጌው መለየት አትችሉም።

ደኅንነቱ ከተረጋገጠ ወደ ውሃው ተመለሱ። ኩሬው በትነት ነው የሚጎድለው ወይስ በስርገት? አንድ ባልዲ ውሃ ሙሉና ኩሬው ዳር፣ ከንፈሩ ብቻ ብቅ እንዲል አድርጋችሁ በድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ከባልዲው የሚቀንሰው በትነት ብቻ ነው። በ3 ቀን ውስጥ ባልዲው 18 ሚሊ ሜትር፣ ኩሬው 45 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ልዩነቱ 27፣ በቀን 9 ሚሊ ሜትር ስርገት ነው። የኩሬው ስፋት 2,000 ካሬ ሜትር ከሆነ በየቀኑ 18 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ መሬት ይገባል። በእነዚያ ቀናት ማውጫው ተዘግቶ ይቆይ፤ ዝናብ ከጣለም ልኬቱን ከመጀመሪያው ድገሙት። ማውጫው በደንብ የማይዘጋ ከሆነ እሱ የሚያንጠባጥበውን በባልዲና በሰዓት ለክታችሁ ቀንሱለት። በነገራችን ላይ «ኩሬው አረጀ» ከተባለባቸው ቦታዎች አንዱ ላይ ችግሩ የተበላ የጌት ቫልቭ (የማውጫ ቱቦው መዝጊያ) ጎማ ሆኖ አግኝተነዋል።

ደለሉን ለመለካት ኩሬው ላይ ገመድ በመስመር ወጥሩ፣ በየ5 ሜትሩ ረጅም ዘንግ አውርዱ። ዘንጉ ጭቃውን ሲነካ አንድ ንባብ፣ ተገፍቶ ጠንካራውን ወለል ሲመታ ሁለተኛ ንባብ ያዙ። የልዩነቶቹ አማካይ 0.8 ሜትር ቢሆን በ2,000 ካሬ ሜትር ላይ 1,600 ሜትር ኩብ ደለል አለ። የተቆፈረ አፈር ሩብ ያህል ስለሚያብጥ 2,000 ሜትር ኩብ ብላችሁ አስቡት፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ ትራክ 125 ምልልስ ነው። ኤክስካቫተር ተከራይተን በአንድ ቅዳሜ እንጨርሳለን የሚል ሰው ካለ ይህን ቁጥር አሳዩት።

ስትጠርጉ ከመጀመሪያው ወለል 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ አቁሙ። ኩሬውን ውሃ እንዲይዝ ያደረገው ያ የታችኛው ሸክላ ነው፤ ኦፕሬተሩ «ትንሽ ላጥልቅላችሁ» ብሎ ከበሳው ከጠረጋው በኋላ የሚያፈስ ኩሬ ትቀበላላችሁ። የወጣውን ደለል ግድቡ አናት ላይ ወይም ከኩሬው በላይ አትከምሩት፣ በሐምሌ ተመልሶ ይገባል። ፌስታሉ ተለቅሞ ማሳ ላይ ቢበተን ጥሩ አፈር ነው። ከኩሬው መግቢያ በላይ ደግሞ በቀላሉ የሚጠረግ ትንሽ የደለል ማቆያ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ዙሪያውን ደሾ ሳር ትከሉ። በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የተፋሰስ ሥራ ከእናንተ ኩሬ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ እንዲሆን ቀበሌውን ለምኑ፣ ካስፈለገም ደጋግማችሁ ለምኑ። ተራራው ሳይያዝ የተጠረገ ኩሬ ዕድሜው አጭር ነው።

ሰው የማዳኛ ነገርም በዕቅዱ ይግባ። ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ያዳልጣል፤ የገባ ልጅ ዋና ቢችልም ጠርዙን ጨብጦ መውጣት ያቅተዋል። በየጎኑ እስከ ወለሉ የሚደርስ ቋጠሮ ያለው ገመድና ዙሪያውን አጥር ከማንኛውም የግንብ ሥራ በፊት ይሠራ።

5. ምን ይቅደም

አሁን መዝገብና ቁጥር አላችሁ። በመጀመሪያ ሰው የሚገድለው ይሠራል፤ ስለ ገንዘብ ክርክር የለውም። ሁለተኛ ውሃው ወደ ሥርዓቱ የሚገባበት ቦታ፣ ማለትም ጠለፋው፣ መግቢያውና ማውጫ ቱቦው ነው፤ እሱ ከቆመ ታች ያለው ሁሉ ይቆማልና። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሥራዎች በአንድ ሚዛን መዝኑ፦ የሥራውን ዋጋ በሚያድነው ሊትር አካፍሉ። አንድ ሥራ 12 ሊትር፣ ሌላው 3 ሊትር የሚያድን ከሆነና ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ለውሳኔ ስብሰባ አያስፈልግም። ርካሾቹ ማለትም በር፣ ቁልፍ፣ የከንፈር ሙሌት፣ ጠረጋ ብዙውን ጊዜ ከላይ ይወጣሉ።

አንድ ሐሳብ ግን ከቁጥሩ ውጭ እንድታዩ እለምናለሁ። ከቦይ ዳር ተኝቶ የሚቀር ውሃ የወባ ትንኝ ይራባበታል፤ ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ ወደ ሐርቡ በኩል ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቤት አጠገብ የሚያቁር ቦታ ሊትሩ ትንሽ ቢሆንም ወደ ላይ ይምጣ።

ሥራውን ሁሉ በአንድ ዓመት አትጨርሱትም፣ አትሞክሩትም። የ3 ዓመት ዕቅድ ይበቃል።

6. ቦዩን በምን እንጠግን

የአፈር ቦይ ብዙ ጊዜ ስሚንቶ ሳይሆን ቅርጽና ተዳፋት ነው የሚያስፈልገው። ውሃ ልክ ከሌለ ብርሃን በሚያሳልፍ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ በችካል ላይ አስተያዩ፤ በየ10 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ 2 ያህል መውረድ ለአፈር ቦይ ደግ ነው። ከዚያ ካነሰ ደለል ይቀመጣል፣ በጣም ከበለጠ ይቦረቡራል። ሙሌት ስትሠሩ አሮጌውን ጎን በደረጃ ቆርጣችሁ፣ አፈሩን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እየደረባችሁ ጠቅጥቁ። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ እንክብል የሚሆን፣ ግን እጅ የማያጨቀይ እርጥበት ይኑረው። ደረቅ አፈር በአካፋ ጥሎ መሄድ ገና በመጀመሪያው ውሃ ይታጠባል።

ግንብ ወይም አርማታ የሚገባው ስርገቱ በልኬት ለተረጋገጠበት፣ ቁልቁለቱ ለሚበረታበት፣ ከብት ለሚሻገርበትና ቦዩ ገደል ዳር ለሚያልፍበት ቦታ ነው። ዋልካ ላይ ከሆነ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ዋልካውን አውጥታችሁ ጠጠር የተቀላቀለበት ቀይ አፈር ተኩ፤ ዋልካ በክረምት ሲያብጥና በበጋ ሲኮማተር ከላዩ ያለውን ግንብ ይሰብረዋል። የኛ 80 ሜትር የመጀመሪያ ስንጥቁም ከዚህ የመጣ ነበር፤ ያኔ የሚነግረን አልነበረም። በየ3 ሜትሩ መጋጠሚያ ተዉና በሬንጅ ሙሉት።

7. ወጪውን ማስላት

መጠኑን መጀመሪያ፣ ዋጋውን ኋላ። ውስጡ 0.6 ሜትር ስፋትና 0.4 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአርማታ ቦይ በአንድ ሜትር 0.16 ሜትር ኩብ ይፈጃል፤ 50 ሜትሩ 8 ሜትር ኩብ ነው። 1 ለ 2 ለ 3 በሆነ ድብልቅ ለአንድ ሜትር ኩብ ባለ 50 ኪሎ 8 ከረጢት ስሚንቶ ያዙ፤ ድምሩ 64 ከረጢት፣ 32 ኩንታል ማለት ነው። አሸዋውንና ጠጠሩንም በዚሁ መንገድ። ከዚያ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አምጡ፣ መጓጓዣና ማውረጃውን ጨምሩ፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ።

የአባላት ጉልበትም በሰው ቀን ተቆጥሮ በወጪው ውስጥ ይጻፍ። አንድ ሰው በቀን ስንት እንደሚቆፍር ከወረቀት አትውሰዱ፤ አምስት ሰው አንድ ቀን አሠሩና የቆፈሩትን ለኩ። ወረዳው ወይም ድርጅት ድጋፍ ሲጠየቅ «የእናንተ ድርሻ ምንድነው» ማለቱ አይቀርም፣ መልሱ እዚያው ተጽፎ ይጠብቀዋል።

የጥገና ገንዘብ በየዓመቱ ካልተቀመጠ ማኅበሩ ዘላለም ለማኝ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነገር መተኪያ ዋጋውን ለሚቀረው ዕድሜ አካፍሉት። በሩ 5 ዓመት ይቀረዋል ካላችሁ የዋጋው አምስተኛ ዘንድሮ በባንክ ይገባል። ድምሩን ለአባላት በጥማድ አከፋፍሉና ክፍያውን በዚያ ወስኑ።

8. ጉባኤ፣ ፈቃድና ስምምነት

የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማኅበራት መስኖውን እንዲያስተዳድሩና እንዲጠግኑ ሕጋዊ መሠረት ይሰጣል። ማኅበራችሁ በዚህ መሠረት ካልተመዘገበ ለወረዳው አመልክቱ፤ ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ማኅበር ኮንትራት ሊፈርም፣ ሒሳብ ሊከፍት ይቸገራል። ዕቅዱ በጠቅላላ ጉባኤ ጸድቆ ቃለ ጉባኤው ይፈረም። ቁጥሮቹን በቃል አንብቡ፣ ፎቶዎቹን በትልቅ ወረቀት አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ማንበብ የማይችሉ አባላት ከፎቶው ተነስተው የሚሰጡት አስተያየት እኛ ከጻፍነው የተሻለ ሆኖ አይቻለሁ።

ቦይ ሲሰፋ የሰው መሬት ይነካል። ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት አበጋሮችን፣ ማለትም የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎችን፣ ቦታው ድረስ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተስማሙበት ድንበር በችካል ይተከል። ቦርከና ከእኛ አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ጠለፋው ከፍ የሚል ወይም የሚሰፋ ከሆነ ከታች ያሉ ተጠቃሚዎች አስቀድመው ይስሙ፣ የወረዳው ባለሙያም በጽሑፍ ይስማማ። ለትልቅ ግድብ ሥራ መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፣ ለምክር በደብዳቤ መጠየቅን አትፈሩ።

9. ሥራው ሲጀመር

አሸዋውን ሳትከፍሉ ፈትኑት። ሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ በላዩ ውሃና ቁንጥጫ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ናጡት፣ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡ። ላዩ ላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከአሸዋው ውፍረት 6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ስሚንቶ በእንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የጓጎለውን አትቀበሉ። ቡኮው እንዲቀጥን ውሃ የሚጨምር ሠራተኛ ካለ አስቁሙት፣ ጥንካሬውን ነው የሚወስደው። የተሠራው በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ የውሃ ማጠጫ ሰው በስም ይመደብ፣ በግንቦት ፀሐይ አንድ ቀን መዝለል እንኳ ይሰነጥቀዋል።

ከመሸፈኑ በፊት ሦስት ነገር በኮሚቴው ይታይ፦ የመሠረቱ ጥልቀት፣ የሙሌቱ ጥቅጠቃና የፌሮው አቀማመጥ። እነዚህ ከተሸፈኑ በኋላ ማንም አያያቸውም። ክፍያው ሁሉ በመለካት ይሁን፤ መጨረሻ ላይ 10 በመቶው እስከ ክረምቱ ማግስት በእጃችሁ ይቆይ፣ ይህም ከመጀመሪያው በውሉ ይጻፍ።

የተጠገነ ኩሬ በአንድ ጊዜ አይሞላም። ሲሶው ሲደርስ ጥቂት ቀን አቁሙና ግርጌውን በየጠዋቱ ሂዱበት፣ ከዚያ ሁለት ሲሶ፣ ከዚያ ሙሉ። ጥቅምት ሲመጣ ደግሞ ሃይላንዱን ይዛችሁ ወደዚያው 20 ሜትር፣ ወደዚያው ችካል ተመለሱ፤ የውሃ አባቱ ከጎናችሁ ይቁሙ፣ ሰከንዱንም ራሳቸው ይቁጠሩ፤ አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው ጎን በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።